ቡሄ በግቢ ውስጥ፦ ለትንንሽ ልጆች ችቦ፣ ሙልሙልና ጅራፍ እንዴት ይዘጋጃል?

በሌሎቹ በዓላት ልጅ ዳር ቆሞ ተመልካች ነው። ዶሮው ሲገነጠል፣ ጠላው ሲጠመቅ፣ እንግዳው ሲገባ «ዞር በል፣ ትቃጠላለህ» ይባላል። ቡሄ ግን የልጆች ነው። ዳቦው የሚጋገረው ለእነሱ ነው፤ ችቦውም የሚታሰረው ለእነሱ። ሆያ ሆዬውን የሚያወጡትም እነሱ ናቸው። በከተማ ግን ይህ በዓል በሁለት መንገድ እየተበላሸ ነው። አንዳንዱ ቤት «እሳት ነው፣ ጅራፍ ነው፣ ዓይን ያጠፋል» ብሎ ልጆቹን ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጣል። ሌላው ደግሞ ለአምስት ዓመት ልጅ የአዋቂ ችቦ አስይዞ ወደ መንገድ ይለቀዋል። ሁለቱንም አንደግፍም። እሳቱንም ጅራፉንም መከልከል አያስፈልግም፤ በልጁ ቁመትና ጉልበት ልክ መቁረጥ ነው የሚያስፈልገው። ከታች ያለው ዝግጅት ከ3 እስከ 8 ዓመት ለሆኑ ልጆች፣ በአንድ መካከለኛ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ቀን እንዲበቃ ተደርጎ የተሰናዳ ነው።

ደብረ ታቦር ነሐሴ 13 ነው፤ ችቦው የሚበራው በዋዜማው፣ ነሐሴ 12 ማታ። ቀኑ በሥራ ቀን ከዋለና አባትና እናት ከቢሮ የሚመለሱት ከመሸ ከሆነ፣ ችቦውን በዕለቱ አብሩ፤ ዳቦ መጋገሩን፣ ጅራፉንና እሸት ጥብሱን ወደ ቅርቡ ቅዳሜና እሁድ ማዛወር ይቻላል። ችቦውን ግን አታዛውሩት። ልጁ የጎረቤቱን ብርሃን እያየ የሩቁን ጅራፍ የሚሰማው በዚያ ምሽት ነው።

ዝናቡን አስቀድሞ ማሰብ

«ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል እንጂ፣ አዲስ አበባና አካባቢዋ ላይ ነሐሴ አጋማሽ ገና ዝናቡ ያልለቀቀበት ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ ጠዋት ይገለጥና ከምሳ ሰዓት በኋላ ይወርዳል፤ አንዳንዴም በረዶ ይቀላቅላል። ስለዚህ ደረቅ መሬት የሚፈልገውን ሥራ ሁሉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ጨርሱ። ከሰዓት በኋላ ያለውን ለዘፈን ልምምድና ለእንቅልፍ ተዉት። ማታ ችቦ የሚያበራ ትንሽ ልጅ ቀን ካልተኛ፣ እሳቱ ፊት ይነጫነጫል ወይም ይደናቀፋል።

4 በ5 ሜትር የሆነ ሸራ ይበቃል። አንዱን ወገን 2 ሜትር ከ20፣ ሌላውን 1 ሜትር ከ70 ከፍታ ላይ እሰሩት። ልዩነቱ ከዚህ ካነሰ ውሃው መሃል ላይ ይጠራቀምና ሆዱ ተነፍቶ ይወርዳል፤ የሸራው ጥግ የሚቀደደውም በዚህ ምክንያት ነው። ዝቅ ያለው ጎን ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ግቢው ቦይ ይዙር። ከሸራው በታች ምንም ዓይነት እሳት አይነድም፣ የከሰል ምድጃም ቢሆን፤ የላስቲክ ሸራ በአንድ ፍንጣሪ ይቀልጥና የሚንጠባጠበው ሰው ላይ ይጣበቃል።

ጭቃውን በሰጋቱራ ሸፍኑት፤ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ሰጋቱራ ለ20 ካሬ ሜትር ገደማ ይበቃል። ችቦ በሚበራበት ቦታ ግን ሰጋቱራም ጭድም አይሁን፤ እዚያ አሸዋ ወይም ጠጠር ይነስነስ። ልጆቹ የላስቲክ ቦት ቢኖራቸው ጥሩ ነው፤ ከሌለ ሁለት ጥንድ ደረቅ ካልሲ አዘጋጁላቸው።

ችቦ፦ ከአስር ቀን በፊት የሚጀመር ሥራ

በቡሄ ማታ «አልነድ አለ» የሚባለው ችቦ ሁሉ ችግሩ አንድ ነው፤ እርጥበት። ክረምት ላይ ከገበያ የሚገዛው ጭራሮ ከላይ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ውሃ ይዟል። ነሐሴ 2 ወይም 3 ላይ ገዝታችሁ ከምድጃ በላይ ባለ ቆጥ ወይም በምጣድ ቤት ጥግ አቁሙት። ደረቅ መሆኑን ለማወቅ አንዱን ስበሩት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ተጣጥፎ ቅርፊቱ ከተላጠ ገና ነው።

የባህር ዛፍ ጭራሮ ጥሩ ነው፤ የጥድ ስንጣቂም ይሆናል፣ ጭሱ ግን ይበዛል። ከአጥር ላይ ቅንጭብ ቆርጣችሁ አትጨምሩ። የቅንጭብ ነጭ ወተት ዓይን ከነካ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ሲነድም ጭሱ ያስለቅሳል። ቁልቋልም እንደዚያው ነው። ቀርከሃ ከሆነ ደግሞ አንጓዎቹ መሃል የታፈነው አየር ሲሞቅ እንደ ርችት ስለሚፈነዳ፣ ለትንሽ ልጅ አይሆንም።

የልጅ ችቦ ልኩ እንዲህ ነው። አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያላቸው ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች በ90 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፤ እነዚህ ምሰሶዎቹ ናቸው። እርሳስ የሚያህሉ ከ12 እስከ 15 ጭራሮዎች ደግሞ በ50 ሳንቲ ሜትር ቁረጡና በምሰሶዎቹ ላይኛው ክፍል ዙሪያ ደርድሯቸው። ታች የሚቀረው 40 ሳንቲ ሜትር መያዣው ነው። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በቀጭን ሽቦ ወይም በልጥ እሰሩ። የላስቲክ ገመድ ፈጽሞ አይሆንም፤ እየነደደ የሚንጠባጠበው ላስቲክ በቡሄ ማታ ልጆች እጅ ላይ ለሚደርሰው ቃጠሎ አንዱ ምክንያት ነው።

ጥብቀቱ ላይ ጊዜ ውሰዱ። በጣም የጠበቀ ችቦ አየር አያስገባም፤ ጫፉ ጥቂት ይነድና ይከስማል፣ ከዚያ ጭስ ብቻ ይሆናል። የላላ ችቦ ደግሞ ሲነድ ጭራሮዎቹ እንደ ጃንጥላ ይከፈቱና ፍም የያዙ ቁርጥራጮች ይወድቃሉ። ልኩን ለማወቅ የጠረጴዛ ቢላዋ ጫፍ በጭራሮዎቹ መሃል ግፉ፤ በትንሹ ታግሎ ከገባ ጥሩ ነው። ከዚያ ጫፉ ላይ ያለውን ክፍተት በደረቅ ጭድ ሙሉት። መያዣው ላይ ንጹህ የጥጥ ጨርቅ ጠምጥሙበት፤ ስንጣሪ የወጋው ልጅ ችቦውን የሚጥለው ሳያስብ ነው።

አሁን አንድ ነገር ጨምሩ፤ ከታች ጀምሮ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ በኖራ ወይም በነጭ ቀለም ዙሪያውን ቀለበት ቀቡ። እሳቱ ነጩ ቀለበት ጋ ሲደርስ ችቦው ወደ ባልዲ ይገባል። ልጅ «በቃ» ሲባል ይከራከራል፤ ቀለበቱን ግን ራሱ ያያል፣ ብዙ ጊዜም ቀድሞ «ደረሰ!» ብሎ የሚጮኸው እሱ ነው። ከተሠሩት አንዱን ችቦ ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ለኩሱና ቀለበቱ ጋ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ በሰዓት ያዙ። በቂ ጊዜ ካልነደደ ጭራሮውን ጨምሩ፤ ቁመቱን ግን አትጨምሩ። ለአንድ ልጅ ሁለት ችቦ ይበቃል።

ሙልሙል፦ ነሐሴ 12 ጠዋት

በዓሉ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ሙልሙሉ ቅቤም ወተትም እንቁላልም አይገባበትም። ደግሞም አያስፈልገውም።

ለ20 መደበኛ ሙልሙልና ለልጆቹ እጅ 6 ወይም 7 ትንንሽ፦ 1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄትና ግማሽ ኪሎ የወፍጮ ስንዴ ዱቄት፣ 950 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 15 ግራም ደረቅ የዳቦ እርሾ (አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ)፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 25 ግራም ጨው (አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ፣ ያልተከመረ)፣ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሩ። እርሾውንና አንድ ማንኪያ ስኳር ከጠቅላላው ውሃ በአንድ ብርጭቆ በጥብጡት። በ10 ደቂቃ ውስጥ አረፋ ካልያዘ እርሾው ሞቷልና ዱቄቱን አታበላሹበት። ውሃው የሕፃን ገላ ከሚታጠብበት በላይ መሞቅ የለበትም፤ እጅ የሚፈጅ ውሃ እርሾ ይገድላል። «ዳቦው ድንጋይ ሆነብኝ» ከሚሉት ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዱቄቱን፣ ጨውን፣ ቀሪውን ስኳርና አዝሙዱን ቀላቅላችሁ እርሾውንና ውሃውን ጨምሩ፤ ዘይቱ መጨረሻ ይገባል። ለ10 ደቂቃ እሹ። የወፍጮ ስንዴ ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚጠጣ መጀመሪያ ላይ ሊጡ ቢጣበቅ ዱቄት ለመጨመር አትቸኩሉ፤ 5 ደቂቃ ሸፍናችሁ ስታሳርፉት ራሱ ይሰበሰባል።

በነሐሴ ብርድ ሊጥ ኩፍ ለማለት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን እዩ። እጥፍ ሲሆንና በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ሲመለስ ደርሷል። ማታ አቡክቶ ማሳደር ከሆነ ምርጫችሁ፣ እርሾውን ወደ 4 ግራም ቀንሱ፤ አለበለዚያ ጠዋት ኮምጥጦ ተንሰራፍቶ ታገኙታላችሁ።

ልጆቹ የሚገቡት አሁን ነው። እጃቸውን አስታጥቡ፣ መዳፋቸውን ዘይት ቀቡ፤ ዱቄት ግን አይቀቡ፣ ዱቄት የነካው ሊጥ ይንሸራተታልና። ለአዋቂ 110 ግራም፣ ለልጅ 60 ግራም ሊጥ ድቡልቡል አድርጋችሁ ስጡ። ሙልሙል ዘለግ ያለ፣ ሆዱ የሞላ፣ ሁለት ጫፎቹ ሾጠጥ ያሉ ነው። ልጁ ሁለቱን መዳፎቹን ሊጡ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጥና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንከባል፤ ጉልበቱን በትንሿ ጣት በኩል፣ ማለትም በመዳፎቹ የውጭ ጠርዝ ያሳርፍ። የአራት ዓመት ልጅ ሁልጊዜ መሃሉን ይጫናል፤ መሃሉ ይቀጥንና ሊጡ እንደ ሁለት ኳስ ተያይዞ ይቀራል። ያኔ አትንጠቁት። መልሶ ያድቦልቡለው፤ ሊጡን 5 ደቂቃ አሳርፉለት፤ የተንገላታ ሊጥ እንደ ላስቲክ ይመለሳልና ያላረፈ ሊጥ በአዋቂ እጅም አይታዘዝም። እያንዳንዱ ልጅ በማንኪያ ጀርባ የራሱን ምልክት ያድርግበት፤ ከመጋገር በኋላ «የኔ የትኛው ነው?» የሚለውን ለቅሶ ያስቀራል።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ 30 ደቂቃ አቆዩ። በመጋገሪያ ምድጃ (ኦቭን) ከሆነ በ200 ዲግሪ ከ18 እስከ 22 ደቂቃ፤ ትንንሾቹ በ14 ይወጣሉ። በምጣድ ከሆነ የኮባ ቅጠል በእሳት ለብለብ አድርጋችሁ፣ አንጓውን አውጥታችሁ አንጥፉ፤ ሙልሙሉን ደርድራችሁ በአክንባሎ ክደኑ። በመካከለኛ ሙቀት 12 ደቂቃ አንዱን ወገን፣ ገልብጣችሁ ደግሞ 8 ወይም 10 ደቂቃ። ጀርባውን በጣት ስትመቱት ባዶ ነገር እንደመምታት ካስተጋባ በስሏል። ጎኑ የተሰነጠቀ እንደሆነ ከመጋገሩ በፊት በቂ አላረፈም ወይም ሳይሸፈን ቆዳው ደርቋል። መብራት በበዓል ዋዜማ መጥፋቱ የተለመደ ስለሆነ ከሰል በቤት ይኑር፤ መብራቱ እስኪመጣ የምትጠብቁ ከሆነ ደግሞ ሊጡን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡ፤ በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜው ለጥቂት ሰዓት ይዞ ያቆየዋል።

ሆያ ሆዬ፦ ከሰዓት በኋላ

ዘፈኑ አውራጅና ተቀባይ አለው። የሦስት ዓመት ልጅ «ሆ!» ማለት ብቻ ነው ሥራው፤ ይህም ትንሽ አይደለም፣ ዘፈኑን ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። ከ6 ዓመት በላይ የሆነው አራት አምስት ስንኝ በ20 ደቂቃ ይይዛል። አያት ካሉ አስተማሪው እሳቸው ይሁኑ፤ በየአገሩ ስንኙ ስለሚለያይ ከስልክ የሚሰማውን ከመቅዳት ይልቅ የቤተሰቡን መያዝ ይሻላል። በልማድ ሆያ ሆዬ የወንዶች ነው፤ የሴቶቹ አሸንድዬ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ይመጣል። በግቢ ውስጥና በትንሽ ዕድሜ ግን እህትና ወንድም አብረው ቢጨፍሩ ደስ ይላል ባዮች ነን።

ዱላው ከልጁ ብብት በላይ አይለፍ፤ ታችኛው ጫፉ ላይ ጨርቅ ይጠምጠም። ሁሉም በአንድ ምት መሬቱን ይምቱ፤ ዱላ ከወገብ በላይ ማንሳት የለም። ከሦስት እስከ አምስት ቤት ይበቃቸዋል። ለጎረቤት ቀድማችሁ ንገሩ፤ «ከ11 ሰዓት በኋላ ልጆች ይመጣሉ፣ ውሻውን እሰሩልን» በሉ። ይህን መርሳት ከችቦው ይልቅ አደጋ አለው። ዳቦ ወይም ብር ሲሰጣቸው ምርቃቱን ሳይጨርሱ አይሂዱ፤ ዘፈኑን ብቻ አውቆ ምርቃቱን የማያውቅ ልጅ ግማሹን ነው የተማረው። ብር ከሆነ እኩል እንደሚካፈል ከመውጣታቸው በፊት ይነገራቸው። እናንተም የሌላ ቤት ልጆች ሲመጡ ሙልሙሉን ስጡ እንጂ ብር ብቻ ሰጥታችሁ አትሸኙ።

ችቦው ሲበራ

በአዲስ አበባ በነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ከ12፡40 እስከ 1፡15 ያለው ጊዜ ምርጥ ነው፤ ብርሃኑ ደምቆ ይታያል፣ ልጆቹም ገና አልደከሙም።

ቦታው ከቤት፣ ከአጥር፣ ከመኪናና ከልብስ ማስጫ ገመድ ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ። የጋዝ ሲሊንደር በአቅራቢያው አይኑር። ሁለት ባልዲ ውሃና አንድ ባልዲ አሸዋ በቅርብ ይቀመጡ። ቤንዚን፣ ናፍጣና ላምባ በዚህ ምሽት ከግቢው ጓዳ አይወጡም፤ ችቦው እንቢ ካለ ችግሩ እርጥበት ስለሆነ ነዳጅ አያድነውም፣ ነበልባሉ ብቻ ወደ እጅ ይዘላል።

ልብሱን ተመልከቱ። የነጠላ ጥለትና ዘርፍ፣ የሐበሻ ቀሚስ ሰፊ እጅጌ፣ የጃኬት የተንጠለጠለ ገመድ ሁሉ ይሰብሰብ ወይም ይውለቅ። ናይለን ጃኬት በቆዳ ላይ ይቀልጣል፤ የጥጥ ወይም የሱፍ ሹራብ ይልበሱ። ረጅም ፀጉር ይታሰር። አስም ያለበት ልጅ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ይቁም።

መጀመሪያ አዋቂው የራሱን ትልቅ ችቦ ለኩሶ መሬት ላይ ይትከለው። የልጆቹ ችቦ የሚለኮሰው ከእሱ ነው፤ ክብሪት ከልጅ እጅ ይርቃል። ሲለኮስ ጫፉ ለአሥር ሰከንድ ያህል ወደ ታች ዘንበል ይበል፤ እሳት ወደ ላይ ስለሚወጣ ጭራሮዎቹን ይይዛቸዋል። ከዚያ ወዲያው ቀና ይበል። አያያዙ ክንድ ተዘርግቶ፣ ችቦው ከሰውነት ፊት ለፊት በግማሽ ዘንበል ብሎ ነው። ከራስ በላይ ከፍ ካለ ፍሙ ፀጉር ላይ ይረግፋል፤ ወደ ታች ካዘቀዘቀ ነበልባሉ መያዣውን ይከተላል። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ አዋቂው ከኋላው ተንበርክኮ፣ ከልጁ እጅ በታች መያዣውን አብሮ ይይዛል። በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ ልጅ አይያዝ፤ ሌሎቹ «ሆ!» እያሉ ተራ ይጠብቁ።

ወሳኙን ቅጽበት እወቁት። ከላይ ያለው የመጀመሪያው ሽቦ ጭራሮው ሲነድለት ይላላል፤ ሁለት ሦስት ቀያይ ጫፎች ወደ ውጭ ይጎብጡና ይረግፋሉ። ልጅ የሚደነግጠውና ችቦውን የሚወረውረው ያኔ ነው። ከመለኮሱ በፊት «አሁን ቀይ ቀይ ፍሬ ይረግፋል፤ ቆመህ እየው» ብላችሁ ንገሩት። ሲጠብቀው የነበረ ነገር ሲሆን አይደነግጥም። ትርጉሙንም በዚሁ ሰዓት መንገር ይቻላል፤ በደብረ ታቦር ተራራ ላይ ስለታየው ብርሃን፣ በዚያ ብርሃን ውጭ ስላመሹት እረኞችና ችቦና ዳቦ ይዘው ስለፈለጓቸው ወላጆች። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ነጩ ቀለበት ሲደርስ ጫፉ ወደ ባልዲው ይግባ፤ ማንሿሿቱ እስኪቆም ይቆይ። ሁሉም ካለቀ በኋላ መሬቱ ላይ የረገፈውን ፍም በውሃ አርሱ። አመድ ሥር የቀረ ፍም እስከ ጠዋት ይቆያል፤ ነሐሴ 13 ጠዋት ባዶ እግሩን የሚወጣው ደግሞ ትንሹ ልጅ ነው።

እጅ ከተቃጠለ ወዲያውኑ የሚፈስ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ይያዝ፤ ለሁለት ደቂቃ አይደለም፣ ለ20። የቧንቧ ውሃ ከሌለ ከጀሪካን ቀስ እያላችሁ አፍሱ። ቀለበትና የእጅ ጌጥ እጁ ሳያብጥ ይውለቅ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና፣ እንቁላል አይቀባም፤ ሙቀቱን አምቀው ያስቀራሉ፣ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ። በረዶም አይደረግ። ንጹህ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ አልብሱት። ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከሰፋ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ በዚያው ሌሊት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ብርዱ ሲጠና የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ይመጣል። አታስገቡት። የከሰል ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛ ልጅ ሳይነቃ ይሞታል። ፍሙ የጠፋ ቢመስልም እንኳ ምድጃው ውጭ ይደር።

ነሐሴ 13፦ እሸትና ጅራፍ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ 4 ሰዓት ገደማ፣ የከሰል ምድጃውን ከሸራው ውጭ ለኩሱ። እሸት በቆሎው ደርሶ እንደሆነ በጥፍር ፍሬውን ስትወጉት ነጭ ወተት ይፈነጥቃል፤ ውሃ ከሆነ ገና ነው፣ ካልፈነጠቀ አልፎበታል። የውስጡን ሽፋን ወደ ኋላ ገልብጣችሁ እንደ እጀታ ተዉት። ፍሙ አመድ ሲለብስ 10 ደቂቃ ያህል እያዟዟራችሁ ጥበሱ፤ ነበልባል ላይ ካስቀመጣችሁት ላዩ ይከስላል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፍሬውን በቢላዋ ልጣችሁ አድቅቃችሁ ስጡት። ቆሎ፣ ሙሉ ለውዝና ሽምብራ ደግሞ ለእሱ አይሰጥም፤ እየሮጠ ሲበላ ጉሮሮው ላይ ይቀራል።

ጅራፍ ከ6 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ነው። 40 ሳንቲ ሜትር እጀታ ቁረጡ፤ ጫፉ ላይ በቢላዋ ዙሪያውን ጎድጎድ አድርጉለት፣ ገመዱ እንዳይሾልክ። ከቃጫ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን ጉንጉን በሦስት ዘርፍ ጎንጉኑ። ምስጢሩ ያለው ውፍረቱ ላይ ነው፤ ከእጀታው አጠገብ አውራ ጣት ያህል ይጀምርና በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ከእያንዳንዱ ዘርፍ ጥቂት ክር እየቀነሳችሁ መጨረሻው የብዕር ቀፎ ያህል ይሁን። ጫፉ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ቀጭን የቃጫ ክር አስረዝሙበት። ጅራፍ የሚጮኸው ጉልበቱ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲሻገር ፍጥነቱ እየጨመረ፣ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ስለሚበልጥ ነው። ዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ያለው ገመድ ምንም ቢወነጨፍ ዝም የሚለው ለዚህ ነው። ጭቃ ውሃ የጠጣ ጅራፍም ይከብድና ድምፁ ይሞታል፤ ምድጃ አጠገብ አድርቁት።

መሬት ላይ ከመሃሉ ወደ ሁሉም አቅጣጫ 4 ሜትር የሚርቅ ክብ በአመድ አስምሩ። በክቡ ውስጥ የሚገኘው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ የተቀረው፣ አስተማሪውም ጭምር፣ ከመስመሩ ውጭ ይቁም። ልጁ ጥላው ሰፊ ኮፍያና መነጽር ያድርግ፤ የፀሐይ መነጽር ይበቃል። ሲጀምሩ አብዛኛውን ጊዜ ጅራፉ የሚመታው የራስን ጆሮ ነው። ከራስ በላይ ማሽከርከር አይፈቀድ። ክንዱን ወደ ኋላ ወስዶ፣ ወደ ፊት ወርውሮ፣ ክንዱ ሲዘረጋ ድንገት ወደ ራሱ መሳብ፤ ጩኸቱ የሚወጣው በመሳቡ ላይ ነው። ትንንሾቹ እጀታ ላይ የታሰረ አንድ ሜትር የጨርቅ ጥብጣብ ይበቃቸዋል፤ «ጯ!» የሚለውን በአፋቸው ይሉታል።

ከአገር ውጭ ለምትኖሩ

ነሐሴ 13 በአውሮፓውያኑ ኦገስት 19 ነው። በብዙ የአሜሪካ አፓርታማዎች በረንዳ ላይ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ በምዕራቡ ክፍል ደግሞ ወቅቱ የሰደድ እሳት ጊዜ ስለሆነ ከቤት ውጭ እሳት የሚከለከልባቸው ቀናት ይበዛሉ። የአካባቢውን ደንብ ሳታዩ ችቦ አታብሩ። ችቦውን እንዳለ ሥሩና ጫፉ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ የአምፖል ገመድ ጠምጥሙበት፤ ልጆቹ የማሰሩን ሥራ አያጡም። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚጨልመው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ስለሆነ እራቱ ቀድሞ ይበላ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀቱ ስለሚከፋ ሁሉንም ሥራ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አድርጉ።

የተረፈውን ሙልሙል በላስቲክ አትቋጥሩ፤ በክረምት በሁለት ቀን ይሻግታል። በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ በሦስተኛው ቀን ከርክማችሁ ምጣድ ላይ አድርቁት፣ ለሻይ ጥሩ ይሆናል። ያልተለኮሰ ችቦ ከቀረ ደግሞ ሽቦውን ሳትፈቱ ወደ ምድጃው ቆጥ መልሱት። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከአንድ ወር በታች ነው የቀረው፤ ያኔ ከገበያው እርጥብ ችቦ ይልቅ ይሄኛው በአንድ ክብሪት ይያዛል።